በሕዋስ ውስጥ ስላለው ፍርድና ስለ ልጃገረዶቻችን ክትባት

ሕይወት ያለው ፍጥረት ሁሉ ጸንቶ የሚቆመው ዘወትር አዲስ ነገር በመሥራቱ ነው የሚለው አሳብ በብዙዎቻችን ኅሊና ሥር ሰዶ የኖረው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ሥነ ሕይወት የመሥራትን ነገር አጉልቶ፣ የማፍረስን ነገር ግን በዝምታ አልፎ ስላስተማረን ነው። ዲ.ኤን.ኤ. የዘርን ትእዛዝ እንደሚጠብቅ፣ አር.ኤን.ኤ. ትእዛዙን ተቀብሎ እንደሚያደርስ፣ ራይቦዞም የተባለውም ረቂቅ አካል በዚያው ትእዛዝ መሠረት አሚኖ አሲዶችን እያያያዘ ፕሮቲን እንደሚሠራ ተማሪው ሁሉ በቃሉ ያነበንባል፤ ነገር ግን ያ ፕሮቲን አገልግሎቱን ከፈጸመ ወይም ከተበላሸ በኋላ ፍጻሜው ምን እንደ ሆነ፣ እንዲሰናበት የሚፈርድበትስ ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ተማሪ ጥቂት ነው፤ ቢጠይቅም መልሱን አብራርቶ የሚሰጠው መጽሐፍ በአማርኛ በቀላሉ አያገኝም።

ይህን ረቂቅ ጉዳይ ለጋዜጣ አንባቢ ለማቅረብ የደፈርሁት ለዕውቀት ፍቅር ብቻ ብዬ አይደለም። በአገራችን ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታየው የማኅፀን በር ካንሰር መነሻው የዚህ የስንብት ሥርዓት መበረዝ ስለ ሆነ፣ ለሴት ልጆቻችን የሚሰጠውም ክትባት ያን መበረዝ አስቀድሞ የሚከለክል ስለ ሆነ፣ ወላጅ «ልጅህን አስከትብ» ተብሎ በሚታዘዝበት ጊዜ የትእዛዙን ምክንያት ከነምሥጢሩ መስማት ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ከታዘዘው ይልቅ የሰማውን ወሬ ቢያምን ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም።

ነገሩን ከመሠረቱ ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። የቀደሙት ሊቃውንት የሰው አካል የተሠራበት ፕሮቲን አንድ ጊዜ ከቆመ በኋላ ብዙም ሳይለወጥ የሚኖር፣ የምንመገበውም ምግብ ለጉልበት ብቻ የሚውል ይመስላቸው ነበር። ከናዚዎች ጀርመን ተሰድዶ በኒውዮርክ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የተጠጋው ሩዶልፍ ሾንሃይመር ግን በከባድ ናይትሮጅን ምልክት ያደረገበትን አሚኖ አሲድ ለአይጦች መግቦ ቢከታተል፣ ከተመገቡት ውስጥ የሚበዛው ክፍል ወዲያው አልወጣም፤ በአካላቸው ፕሮቲን ውስጥ ገብቶ ሥፍራ ይዞ ተገኘ፤ የአይጦቹም ክብደት ስላልጨመረ፣ በዚያ ሥፍራ የነበረው ቀዳሚው ፈርሶ መውጣቱ የግድ ሆነ። ሾንሃይመር እ.ኤ.አ. በ1941 ዓ.ም. ቢሞትም ትምህርቱ በማግሥቱ ዓመት በመጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ዛሬ እንደሚታወቀው 70 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ በአንድ ቀን ውስጥ ከ250 እስከ 300 ግራም የሚደርስ የገዛ አካሉን ፕሮቲን አፍርሶ ያንኑ ያህል እንደ ገና ይሠራል፤ ይህም ከዕለት ማዕዱ ከሚያገኘው ፕሮቲን እጅግ ይበልጣል። ከፕሮቲኖቹም መካከል በዓይን ብሌን ውስጥ እንዳሉት ከሰውዬው ጋር ተወልደው ከሰውዬው ጋር የሚያረጁ ሲኖሩ፣ በተሠሩ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ የሚፈርሱም አሉ። እንግዲህ በአንዲት ጠባብ ሕዋስ ውስጥ ጎን ለጎን ከሚኖሩት ከብዙ ሺሕ ዓይነት ፕሮቲኖች አንዱን ለዓመታት እያኖረ ሌላውን በደቂቃ የሚያሰናብት ለዪ ምንድር ነው?

ክርስቲያን ደ ዱቭ የተባለው ቤልጅጋዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ላይሶዞም የተባለውን የሕዋስ ክፍል ባገኘ ጊዜ መልሱ የተገኘ መስሎ ነበር፤ ዳሩ ግን ላይሶዞም የደረሰውን ሁሉ ሳይመርጥ ስለሚፈጭ፣ የዕድሜያቸውን ልዩነት ሊያስረዳ አልቻለም። ከዚህም ሌላ አንድ እንግዳ ነገር ነበረ። በጨጓራችንና በአንጀታችን ውስጥ ምግብ ሲፈጭ የፕሮቲኑ ሰንሰለት የሚበጠሰው ያለ ምንም የኃይል ወጪ ሲሆን፣ ሜልቪን ሲምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1953 በጉበት ቁራጭ ላይ ባደረገው ምርመራ ሕዋስ የራሱን ፕሮቲን ለማፍረስ ኃይል እንደሚያወጣ ታየ። ማፍረስ በባሕርዩ ቁልቁል እንደ መውረድ ያለ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ሕዋስ ያጠራቀመውን ኃይል ለዚህ ማዋሉ ለብዙ ዘመን ትርጓሜ ሳያገኝ ቀረ። የዘመኑ ሊቃውንት የሚበዙት የዘርን ፊደል ለማንበብና የፕሮቲንን አሠራር ለመመርመር ይሽቀዳደሙ ስለ ነበር፣ የፍርስራሽን ነገር የሚከታተል ሰው እንደ ሥራ ፈት ሳይታይ አልቀረም።

ጥያቄውን አጥብቀው ከያዙት ጥቂቶች አንዱ በሀንጋሪ ተወልዶ በሕፃንነቱ የናዚን ግዞት ያየው አቭራም ሄርሽኮ ነው። በሀይፋ በቴክኒዮን ከደቀ መዝሙሩ ከአሮን ቺካኖቨር ጋር ምርመራውን የጀመረው ገና ያልበሰሉ የጥንቸል ቀይ የደም ሕዋሳትን ወስዶ ነው፤ እነዚህ ሕዋሳት ላይሶዞም ሳይኖራቸው የተበላሸ ፕሮቲን የሚያፈርሱ መሆናቸውን አሜሪካውያኑ ኤትሊንገርና ጎልድበርግ እ.ኤ.አ. በ1977 አሳይተው ነበርና። ሄርሽኮና ቺካኖቨር ከሕዋሳቱ የወጣውን ጭማቂ በማጣሪያ አሳልፈው በሁለት ከፈሉት፤ አንዱ ክፍል ለብቻው ሲሞከር ምንም አላፈረሰም፤ ሌላውም ለብቻው እንዲሁ፤ ሁለቱ በአንድነት ሲደባለቁ ግን ሥራው ተመለሰ። ስለዚህ አፍራሹ ነገር አንድ ኢንዛይም ብቻ ሳይሆን የብዙዎች ማኅበር መሆኑ ታወቀ።

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ከብልሃቱ የተነሣ ዘርዘር ተደርጎ ሊነገር የሚገባው ነው። በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ያለውን የተፈለገውን ነገር ለይቶ ለማውጣት ያስቸገራቸው፣ ደሙን የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ከሌላው ሁሉ በዝቶ በመገኘቱ ነበር። እነርሱም ፈሳሹን በእሳት አፈሉት። ፕሮቲን ሲፈላ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይረጋልና ሄሞግሎቢኑም ረግቶ ጭቃ መስሎ ከታች ዘቀጠ፤ ከላይ የቀረው ጥሩ ፈሳሽ ግን፣ ከፈላ በኋላ እንኳ፣ የማፍረስን ሥራ የሚያስጀምር ኃይል እንዳለው ተገኘ። እሳት ያልሻረው ይህ ትንሽ ፕሮቲን ሲመረመር፣ ጌዲዮን ጎልድስታይን እ.ኤ.አ. በ1975 ለሌላ ጉዳይ ሲመራመር አግኝቶት የነበረው፣ 76 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ዩቢኩቲን መሆኑ በ1980 ተረጋገጠ። ከእርሾ ጀምሮ እስከ ሰው ድረስ ኒውክሊየስ ባለው ሕዋስ ሁሉ ይገኛል፤ የእርሾውንና የሰውን ዩቢኩቲን ያነጻጸረም ሰው ከ76ቱ በ3 ብቻ እንደሚለያዩ ያያል። ሺሕ ሚሊዮን ዓመት በሚያህል ዘመን ውስጥ ይህን ያህል ሳይለወጥ የኖረ ነገር ለሕይወት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይህ ብቻ ይመሰክራል።

ዋናው ምሥጢር የተገለጠው ግን በፊላደልፊያ በፎክስ ቼዝ የካንሰር ማእከል ከኧርዊን ሮዝ ጋር በተባበሩ ጊዜ ነው። ይህን ትንሽ ፕሮቲን በጨረር አመንጪ አዮዲን ምልክት አድርገው ኃይል ሰጪ ከሆነው ከኤ.ቲ.ፒ. ጋር በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ቢጨምሩት፣ ትንሹ ፕሮቲን ከትልልቆቹ ፕሮቲኖች ጋር ተጣብቆ ተገኘ፤ ማጣበቂያውም በብርቱ ኬሚካል እንኳ የማይፈታ ጽኑ ሰንሰለት ሆነ። ዩቢኩቲን ራሱ የሚቆርጥ ሰይፍ እንዳልሆነ፣ «ይህ ይፍረስ» የሚል ማኅተም እንደ ሆነ የታወቀው በዚያን ጊዜ ነው። ለዚህም ሥራቸው ሦስቱ እ.ኤ.አ. በ2004 የኖቤልን የኬሚስትሪ ሽልማት ተቀበሉ። የተገለጠው ነገር በብርጭቆ ውስጥ ብቻ ሳይሆን በሕያው ሕዋስም እንደሚሠራ ያሳየው አሌክሳንደር ቫርሻቭስኪ ነውና እርሱም ሊዘነጋ አይገባውም።

ማኅተሙ የሚታተመው በሥርዓትና በማዕረግ ነው። በመጀመሪያ ኢ-1 የተባለው ኢንዛይም ኤ.ቲ.ፒ.ን አውጥቶ ዩቢኩቲንን ለሥራ ያነቃዋል፤ ኢ-2 የተባለው ተቀብሎ ይሸከመዋል፤ ኢ-3 የተባለው ግን የሚፈርሰውን ፕሮቲን ከሚኖሩት መካከል ለይቶ ያውቅና ማኅተሙ በእርሱ ላይ እንዲያርፍ ያደርጋል። በሰው አካል ውስጥ ኢ-1 ሁለት ብቻ ሲሆን ኢ-2 ወደ 40 ይደርሳል፤ የኢ-3 ዓይነት ግን ከ600 ይበልጣል። ኃይልን ማንቃት ለሁሉ አንድ ስለ ሆነ ሁለት ይበቃሉ፤ ፍርድ ግን ለእያንዳንዱ ጉዳይ ምርመራ ስለሚፈልግ ዳኞቹ ብዙ ናቸው። አንድ ማኅተም ብቻ እንደ ነገሩ ሁኔታ ሌላ ትርጓሜ ሊኖረው ይችላል፤ ዩቢኩቲን በዩቢኩቲን ላይ ተደርቦ ቢያንስ አራት ያህል በሰንሰለት ሲያያዙ ግን ፍርዱ ጸና ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ፕሮቲያሶም የተባለው በርሜል የሚመስል አፍራሽ አካል ሰንሰለቱን አይቶ ይቀበለዋል፤ ማኅተሞቹን ነቅሎ ለሌላ ጊዜ አገልግሎት ይመልሳል፤ የተፈረደበትን ፕሮቲን ከእጥፋቱ ፈትቶ በጠባቡ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ያስገባና ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ አሚኖ አሲድ ባላቸው ቁርጥራጮች ይመትረዋል። የሚቆርጠው ስለት በበርሜሉ ውስጥ ተሰውሮ መቀመጡ፣ በደጅ የሚያልፍ ፍርድ የሌለበት ፕሮቲን እንዳይጎዳ ነው።

የኃይሉ ወጪ ትርጓሜ ያገኘው እንግዲህ በዚህ ነው። ከስንዴ ውስጥ እንክርዳድ የምትለቅም ሴት የምትደክመው እንክርዳዱ ስለሚከብዳት ሳይሆን ስንዴው አብሮ እንዳይጣል ስለምትጠነቀቅ እንደ ሆነ፣ ሕዋስም ኃይሉን የሚያፈስሰው አስቀድሞ ለመለየት፣ በኋላም የተለየውን ብቻ ፈትቶ በጠባቡ በር ለማሳለፍ ነው። ሳይመርጡ ማፍረስ ዋጋ አያስወጣም፤ ለይቶ ማፍረስ ግን በዋጋ የሚገኝ ነው። ሳይክሊን የተባለው ፕሮቲን፣ ቲም ሀንት እ.ኤ.አ. በ1982 በባሕር እንስሳ እንቁላል ውስጥ እንዳየው፣ ሕዋስ ለመከፈል ሲዘጋጅ እየበዛ ሄዶ በመከፈያው ጊዜ ባንድ አፍታ የሚጠፋው በዚሁ ማኅተም ነው፤ ባይጠፋ ኖሮ ሕዋሱ ከመከፈል ሥራ ወጥቶ ወደ ዕረፍቱ ሊመለስ ባልቻለ ነበር።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ጉዳይ እመጣለሁ። በሕዋሳችን ውስጥ ፒ-53 የሚባል ፕሮቲን አለ፤ ተግባሩም የዘር ፊደል በጨረር ወይም በመርዝ ሲጎዳ ሕዋሱ እንዳይከፈል መከልከል፣ ጉዳቱ የሚጠገን ከሆነ እስኪጠገን ማቆየት፣ የማይጠገን ከሆነም ሕዋሱ ራሱን እንዲያጠፋ ማዘዝ ነው። ሰላም በሆነ ጊዜ ይህ ዘበኛ እንዳይበዛና ጤነኛውን ሕዋስ እንዳያስቸግር ኤም.ዲ.ኤም.-2 የተባለው ዳኛ በየጊዜው እያተመ ያስፈርሰዋል፤ ስለዚህ ዕድሜው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። አደጋ ሲመጣ ግን ኅትመቱ ይቆምና ፒ-53 እየተጠራቀመ ሥልጣኑን ይይዛል። ከዚህ የሚበልጥ ጥንቃቄ በምን ይገኛል?

ሀራልድ ሱር ሀውሰን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1983ና በ1984 ከማኅፀን በር ካንሰር ውስጥ ለይቶ ያወጣቸው፣ 16ኛና 18ኛ ተብለው የተቆጠሩት የፓፒሎማ ቫይረስ ዓይነቶች፣ በዓለም ላይ ከሚታየው የዚህ ካንሰር 70 በመቶ ለሚያህለው ምክንያቶች ናቸው። ቫይረሱ የራሱን ዘር ለማባዛት የሕዋሱ መከፈያ መሣሪያ እንዲሠራለት ይፈልጋል፤ ሕዋሱ ያለ ጊዜው ሲገፋ ግን ፒ-53 ነቅቶ እንደሚያግደው የታወቀ ነው። ስለዚህ ቫይረሱ ኢ-6 የተባለ ትንሽ ፕሮቲን ያሠራል። ኢ-6 ራሱ ፒ-53ን አይቆርጥም፤ አያፈርስምም፤ የሚያደርገው ነገር ከሕዋሱ ዳኞች አንዱን፣ በተፈጥሮው ከፒ-53 ጋር ምንም ጉዳይ የሌለውን፣ ይዞ በፒ-53 ላይ ማኅተሙን እንዲያሳርፍ ማስገደድ ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ማኅተም ነው፤ ፕሮቲያሶሙም ሥራውን በታማኝነት ይሠራል፤ ሐሰቱ ያለው በፍርዱ ላይ ብቻ ነው። የፒተር ሀውሊ ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ1990 ይህን ሲገልጹ፣ የሕዋሱ ዘበኛ በገዛ ሕዋሱ ሥርዓት እንደሚገደል ዓለም ዐወቀ። ኢ-7 የተባለውም ሌላው የቫይረሱ ፕሮቲን የመከፈልን ልጓም ይፈታል። ዘበኛ የሌለው፣ ልጓምም የተፈታለት ሕዋስ የተበላሸ ዘሩን እየያዘ ሲከፈል ከኖረ ፍጻሜው ካንሰር ነው።

ይህ ሁሉ ባንድ ቀን አይሆንም። ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶች የሚበዙት በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ በገዛ አካላቸው ኃይል ያስወግዱታል፤ በጥቂቶቹ ላይ ግን ተሰውሮ ይቀመጥና ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቆይቶ ካንሰር ያስከትላል። ሳታውቀው በወጣትነቷ የተቀበለችው ነገር የሚገለጥባት፣ ልጆቿን ለማሳደግ በምትደክምበትና ቤቱ ሁሉ በእርሷ ላይ በቆመበት ዕድሜ ነው። ስለ ሐዘኑ ብዙ ማለት አያስፈልገኝም፤ በየሰፈራችን ያላየ የለም።

ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ላይ ለአገልግሎት ከዋለ በኋላ፣ በ2018 ማለቂያ፣ በእኛ አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም.፣ 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች በአገራችን መሰጠት ጀመረ። መጀመሩ የሚያስመሰግን ነው። የሚያሳዝነው ግን ትእዛዙ ሲነገር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሳይነገር መቅረቱ፣ ባዶ በቀረውም ሥፍራ «ክትባቱ ሴት ልጅን ያመክናል» የሚል ወሬ መግባቱ ነው። ይህን ወሬ የሰማ አባት ቢፈራ ፍርሃቱ ከልጁ ፍቅር የመጣ ነውና ሊዘለፍ አይገባውም፤ ሊነገረው የሚገባው ነገር ግን አለ፤ እርሱም ይህ ነው። በክትባቱ ውስጥ ሕያው ቫይረስ የለም፤ የተገደለም ቫይረስ የለም፤ የቫይረሱ የዘር ፊደል የለም፤ ፒ-53ን በሐሰት የሚያስፈርደው ኢ-6 የለም። በውስጡ ያለው የቫይረሱ የውጭ ልባስ የተሠራበት ፕሮቲን ነው፤ ውስጡም ባዶ ነው። አካል ያን ልባስ አይቶ መከላከያ ያዘጋጃል፤ እውነተኛው ቫይረስ ሲመጣም ወደ ሕዋስ ሳይገባ ይይዘዋል። ማኅፀንን የሚያሳጣው ካንሰሩ እንጂ ክትባቱ አይደለም።

«ልጄ ገና ሕፃን ናት፤ ይህ ለእርሷ ምን ያደርጋል?» የሚል እናትም አትጠፋም። መልሱ ከላይ ከተነገረው ይወጣል፤ ክትባቱ የሚይዘው ከደጅ ያለውን ቫይረስ ነውና፣ አንድ ጊዜ ወደ ሕዋሱ ገብቶ ኢ-6ን ማሠራት የጀመረውን ሊያስወጣው አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለውን ዕድሜ የመረጠው፣ ቫይረሱ የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለ ሆነ፣ ያ ከመጀመሩ አስቀድሞ እንዲሰጥ ነው። ይህ በልጅቱ ጠባይ ላይ የሚጣል ጥርጥር አይደለም፤ በወግ በማዕረግ የምትዳረው ልጅ እንኳ ከባሏ ልትቀበለው ትችላለችና።

እኔ በበኩሌ የጤና ባለሙያዎቻችን ሕዝቡ ይህን ሊረዳ አይችልም ብለው ማሰባቸውን አልቀበልም። አንድምታ ሲሰማ ያደገ፣ በፍርድ አደባባይ ክርክር ሰምቶ ዋናውን ከሐሰተኛው የሚለይ ሕዝብ፣ «በሕዋስ ውስጥ ዳኛ አለ፤ ማኅተም አለ፤ ቫይረሱ ዳኛውን ያሳስታል፤ ክትባቱም ቫይረሱን ከደጅ ይመልሳል» ቢባል እንዴት አይረዳም? የሚያስፈልገው የሚናገር ሰው ነው። የሥነ ሕይወት መጻሕፍታችንን የሚያዘጋጁ ሊቃውንት ፕሮቲን እንዴት እንደሚሠራ ከጻፉበት ምዕራፍ ቀጥለው እንዴት እንደሚፈርስ ይጻፉ፤ መምህራንም ይህን ለልጃገረዶቹ ክትባቱ ወደ ትምህርት ቤት ከመድረሱ አስቀድመው ያስረዱ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ምክንያቱን ይንገሩ፤ የንስሐ አባቶችም በቤተ ሰቡ ዘንድ ያላቸውን ተሰሚነት ለዚህ በጎ ነገር ያውሉት።

ዕድሜያቸው ከክትባቱ ላለፈ እናቶችም መንገዱ አልተዘጋም። በጤና ጣቢያ የማኅፀንን በር በአሴቲክ አሲድ ቀብቶ በማየት፣ ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለውን ለውጥ ማወቅና ወዲያው ማከም ይቻላል፤ ምርመራውም ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ነው። 30 ዓመት የሞላት ሴት፣ ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለባት ደግሞ ከዚያም ቀደም ብላ፣ ሕመም እስኪሰማት ሳትጠብቅ ልትመረመር ይገባታል፤ ሕመሙ በተሰማ ጊዜ ብዙውን ጊዜ ነገሩ ከእጅ ወጥቷልና።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ሴት ልጅ፣ እኅት ወይም የእኅት ልጅ ካለችህ፣ ክትባቱ ወደ ትምህርት ቤቷ ወይም ወደ ቀበሌህ ጤና ጣቢያ ሲመጣ አስከትባት፤ እናትህንና ባለቤትህንም ለምርመራ ይዘህ ሂድ፤ ጎረቤትህም ቢጠራጠር ያነበብኸውን በራስህ አነጋገር አስረዳው።